የስታክ ኦቨርፍሎው ጓዳ

ስታክ ኦቨርፍሎው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁበት ድረ ገጽ ነው። ጄፍ አትውድና ጆኤል ስፖልስኪ የተባሉ ሁለት ፕሮግራመሮች እ.ኤ.አ. በ2008 አቋቋሙት፤ ስሙን ግን እነሱ አላወጡለትም፣ የአትውድ ጽሑፍ ተከታታዮች በድምፅ መረጡት እንጂ። በ2021 ፕሮሰስ የተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በዚህ ንግግር ውስጥ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር ይህን ድረ ገጽ ያላየ የፕሮግራም ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። የሚገቡበት በር ግን አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ያወጣውን የስሕተት መልእክት ኮፒ አድርጎ ጎግል ላይ መለጠፍ፣ ከመጣው ዝርዝር የመጀመሪያውን መጫን፣ አረንጓዴ ምልክት ያለበትን ኮድ ወስዶ መውጣት። ይህ ሳሎኑ ነው። ለዚህ ንግግር የቀረበው ግብዣ የሚመለከተው ጓዳውን፣ ብዙ ሰው እጁን የማያሳርፍባቸውን አገልግሎቶች ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስታክ ኦቨርፍሎው የመጠየቂያ ቦታ ይባል እንጂ የተሠራው ከሚጠይቀው ይልቅ ለሚያነበው ነው። በ2012 አንድ ሰው ቪም ከሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ እንዴት እንደሚወጣ ቸግሮት ጠየቀ። ቪም የመዝጊያ ቁልፍ የለውም፤ የሚወጣበትን ትእዛዝ የማያውቅ ሰው ገብቶ ይቀራል። በ2017 ድረ ገጹ ራሱ እንዳስታወቀው ያ ጥያቄ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቶ ነበር። ጠያቂው አንድ፣ አንባቢው ሚሊዮን! የጓዳው ዕቃ አብዛኛው የተሰናዳው ለእነዚያ አንድም ቃል ሳይጽፉ ለሚወጡት ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ እንግዲህ ንባቡ ነው። አረንጓዴው ምልክት የሚናገረው ነገር ጠባብ ነው፤ ጠያቂው «ይህ ለእኔ ሠራልኝ» ማለቱን ብቻ ያሳያል። ትክክለኛው ወይም የተሻለው መልስ ይህ ነው አይልም። ቀድሞ ምልክቱ ያረፈበት መልስ ምንጊዜም ከላይ ይቀመጥ ስለነበር አንባቢው ሁሉ እሱን እንደ ፍርድ ውሳኔ ይቆጥረው ነበር። ከ2021 ጀምሮ ግን ያ ቀርቷል፤ አሁን ከላይ የሚቀመጠው ብዙ የድጋፍ ድምፅ ያገኘው ነው።

ድምፅም ቢሆን ያረጃል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሁለተኛው ትውልድ ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ጥገና ተቋርጦበታል። በ2009 የተጻፈና በመቶ የሚቆጠር ድጋፍ የሰበሰበ የፓይተን መልስ ግን እስከ ዛሬ በቦታው አለ፤ ድምፁ አይቀነስበትም። ጀማሪው ከእሱ የገለበጠውን የማተሚያ ትእዛዝ ሲያስኬድ ቅንፍ ጎደለ የሚል ስሕተት ይመጣበታል፣ ጥፋቱንም በራሱ ላይ ያደርጋል። ለዚህ ሲባል በ2022 ሌላ የአደራደር መንገድ ተጨመረ፤ ከመልሶቹ በላይ በቀኝ በኩል ካለው መምረጫ «ትሬንዲንግ» የሚለውን የመረጠ ሰው የቅርብ ጊዜ ድምፆች የበለጠ ክብደት የተሰጣቸውን መልሶች ከላይ ያገኛል። ለአንባቢ ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ ይህ የሚበልጥ ይመስላል፤ ግን መምረጫውን የሚነካው ጥቂት ነው።

በእያንዳንዱ መልስ ግርጌ ሁለት ቀኖች ሊኖሩ ይችላሉ፤ የተጻፈበትና የታረመበት። የታረመበትን ቀን የጫነ ሰው የመልሱን ታሪክ በሙሉ ያያል፤ የወጣው ቃል በቀይ፣ የገባው በአረንጓዴ ተቀብቶ። ከድምፅ መስጫ ቀስቶቹ ሥር ደግሞ ትንሽ የሰዓት ምስል አለች። እሷ የምትከፍተው ገጽ መልሱ ከተወለደ ጀምሮ የደረሰበትን ሁሉ፣ መቼ ድምፅ እንዳገኘ፣ መቼ አስተያየት እንደተሰጠበት በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። 1,000 ነጥብ የሰበሰበ (ስለ ነጥቡ ኋላ ይነገራል) ተጠቃሚ በተጨማሪ የድምፁን ቁጥር ሲጫን ደጋፊና ተቃዋሚው ተለይቶ ይታየዋል። 40 የተጻፈበት መልስ 40 ደጋፊ ብቻ ያለው ሊሆን ይችላል፤ 90 ደግፈውት 50 ተቃውመውትም ይሆናል። ሁለተኛው ጠብ ያለበት መልስ ነው፤ ከመገልበጥ በፊት ከሥሩ ያሉትን አስተያየቶች ማንበብ ይገባል። አስተያየቶቹ በትንንሽ ፊደል የተጻፉና ከፊላቸውም የተደበቁ ስለሆኑ ዓይን ያልፋቸዋል፤ «ይህ አሠራር አደገኛ ነው፣ መረጃ ይሰረቅበታል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

የአንድምታ ትርጓሜ ያየ ታዳሚ ይህን ዓይነቱን ገጽ ለማንበብ አይቸገርም። ትርጓሜው አንዱን ቃል «አንድም» እያለ ደጋግሞ ሲፈታው የኋለኛው ፍቺ የፊተኛውን አይፍቀውም። እዚህም መልሶቹ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የሚመርጠው አንባቢው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ፍለጋው ነው። ብዙ ሰው በጎግል በኩል ስለሚመጣ የድረ ገጹ የራሱ መፈለጊያ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። መፈለጊያው ግን የራሱ ሰዋስው አለው። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የተጻፈ ቃል ታግ፣ ማለትም የርእሰ ጉዳይ መለያ ነው። ጥቅስ ውስጥ የገባ ሐረግ እንዳለ ይፈለጋል። በእንግሊዝኛ «ስኮር» ብሎ ሁለት ነጥብ አስከትሎ 50 የጻፈ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ድምፅ ያላቸውን ብቻ ያገኛል። «አንሰርስ» ብሎ ዜሮ ያስከተለ መልስ ያጡ ጥያቄዎችን ያወጣል። «ዩዘር» ብሎ «ሚ» ያለ ደግሞ የራሱን የቆየ ጽሑፍ ይበረብራል። ሁለት ነጥቡ የላቲኑ መሆን አለበት፤ በአማርኛ ኪቦርድ የተመታው የቃል መለያያ ሁለት ነጥብ አይሠራም፤ መፈለጊያው ምንም አላገኘሁም ይላል እንጂ ስሕተቱን አይጠቁምም።

አንድ ምሳሌ በቅርብ ማየት ይጠቅማል። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው የተማሪዎች መመዝገቢያ ሠራ እንበል። ቅጹ ላይ «ሰላማዊት» ብሎ ይሞላል፤ ከዳታቤዙ ሲያወጣው የጥያቄ ምልክቶች ሰልፍ ሆኖ ይመለሳል። ተማሪው «አማርኛ» የሚለውን ቃል ጨምሮ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ጥቂት ነው። በዚህ ተስፋ ይቆርጣል። ችግሩ ግን የአማርኛ ብቻ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘግበው በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ፣ ስሙን ያበላሸው ፊደልን በኮምፒውተር የሚያስቀምጠው የዩቲኤፍ-8 አሠራር በመንገዱ ላይ አንድ ቦታ መቋረጡ ነው፤ አረብኛ ጸሐፊውም ሩሲያዊውም ያንኑ ችግር አይተውታል። በማዕዘን ቅንፍ የዳታቤዙን ፕሮግራም ስም ማይኤስኪውኤልን፣ ከዚያም ዩቲኤፍ-8ን፣ ከዚያም ስኮር 50ን የጻፈ ሰው በ2008 ወደቀረበ አንድ ዝነኛ ጥያቄ ይደርሳል። የመልሱ ፍሬ ነገር ሠንጠረዡ፣ ከዳታቤዙ ጋር ያለው ግንኙነትና ገጹ ራሱ ሁሉም ከጫፍ እስከ ጫፍ በዩቲኤፍ-8 መሆን አለባቸው የሚል ነው። ሰላማዊትም በስሟ ትመለሳለች። ከዚህ የሚወሰደው ብልሃት የሚፈለገው የራስ ጉዳይ ስም ሳይሆን የችግሩ ስም መሆኑ ነው።

ታግ ሌላም ጥቅም አለው። እያንዳንዱ ታግ የራሱ ማብራሪያ ገጽ አለው፤ የታላላቆቹ ቋንቋዎች ገጾች የመማሪያ መጻሕፍትና የተመረጡ ጥያቄዎች ማውጫ የያዙ ናቸው። ለሲ ፕላስ ፕላስ ተማሪ በተጠቃሚዎች ትብብር የተሰናዳ የመጻሕፍት ዝርዝር አለ፤ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። የማይፈለግ ታግ ደግሞ ችላ እንዲባል ማዘዝ ይቻላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ነጥቡ ነው፤ ሬፑቴሽን ይሉታል። የጥያቄ ወይም የመልስ አንድ የድጋፍ ድምፅ 10 ነጥብ ያስገኛል። ጠያቂው የተቀበለው መልስ 15። አንድ የተቃውሞ ድምፅ ከጸሐፊው 2 ይቀንሳል፤ መልስን የተቃወመው ሰውም ከራሱ 1 ይከፍላል። ይህ የመጨረሻው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ መልስን በነጻ መጣል የሚቻል ቢሆን ኖሮ እጅ ይበዛበት ነበር። በአንድ ቀን በድምፅ የሚሰበሰበው ነጥብ ከ200 አያልፍም። ቀኑ የሚለወጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ አዲሱ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው።

አዲስ ገቢን የሚያስቆጣ አንድ ሕግ አለ። 1 ነጥብ ያለው ሰው መጠየቅም መመለስም ይችላል፤ በሌላ ሰው ጽሑፍ ሥር አስተያየት ለመስጠት ግን 50 ያስፈልገዋል። የተቃውሞ ድምፅ ለመስጠት 125፤ የተሰረዙ ጽሑፎችን ለማየት 10,000። ስለዚህ ብዙ ጀማሪ አስተያየቱን እንደ መልስ አድርጎ ይለጥፋል፣ ይሰረዝበታል፣ ቅር ብሎት ይወጣል። ያልታወቀው አቋራጭ እርማት ነው። የሌላውን ጽሑፍ አርሞ ለማቅረብ ነጥብ ቀርቶ አካውንትም አያስፈልግም፤ አካውንት ላለው ደግሞ እርማቱ ሲጸድቅ 2 ነጥብ ያስገባል። የተሰበረ ኮድ መጠገን ለጀማሪ ከሁሉ የቀለለው መግቢያ ነው።

ከነጥቡ አገልግሎቶች ብዙ የሚባልለት ባውንቲ፣ በአማርኛ ወሮታ ሊባል የሚችለው ነው። ከተጠየቀ ሁለት ቀን ያለፈው ጥያቄ ላይ ማንኛውም 75 ነጥብ ያለው ሰው ከ50 እስከ 500 ነጥብ ከራሱ ቆርጦ ማስያዝ ይችላል። ጥያቄው ለሰባት ቀን ልዩ ዝርዝር ውስጥ ይወጣል። ነጥቡ ከባለቤቱ የሚወጣው በዚያችው ደቂቃ ነው፤ መልስ ቢገኝም ባይገኝም አይመለስም። እንቆቅልሽ የተጫወተ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ መልሱን ያላወቀ ሰው አገር ሰጥቶ ነው የሚሰማው። ጊዜው ሲያልፍ ባለወሮታው ዝም ካለ፣ በእነዚያ ቀናት ከተጻፉት መልሶች ቢያንስ 2 ድምፅ ያገኘው ብልጫ ያለው ግማሹን ይወስዳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ወሮታ ለማመስገኛም መዋሉ ነው። ከዓመታት በፊት የተጻፈ መልስ የጠቀመው ሰው ምክንያቱን ጠቅሶ ለዚያ ጸሐፊ ነጥብ ሊሸልም ይችላል። ጥያቄው የራሱ መሆን የለበትም።

የራስን ጥያቄ ራስ መመለስም የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የሚበረታታ ነው። የመጠየቂያው ገጽ ግርጌ ላይ ለዚህ የተበጀ ሳጥን አለ፤ እሱን የነካ ሰው ጥያቄና መልሱን አንድ ላይ ይለጥፋል። ሁለት ሌሊት ታግሎ ችግሩን የፈታ ፕሮግራመር መፍትሔውን ከስድስት ወር በኋላ ራሱ ይረሳዋል፤ እዚህ ካኖረው ግን ለሌላውም ለራሱም ይቀመጣል።

ስለ ባጆች ጥቂት። ነሐስ፣ ብርና ወርቅ ናቸው፤ አብዛኞቹ ለጌጥ። አንዳንዶቹ ግን ፈገግ ያሰኛሉ። ለሳምንት ያህል ድምፅም መልስም አስተያየትም ላጣ፣ ተመልካቹም ጥቂት ለሆነ ጥያቄ የማጽናኛ ባጅ አለ። ከስድሳ ቀን በላይ ለቆየ ጥያቄ ዘግይቶ መልሶ 5 ድምፅ ያገኘ ሰው «ሙት አስነሺ» እንደ ማለት ያለ ስም ይሰጠዋል። ተቀባይነት አግኝተው አንድም ድምፅ ያልተሰጣቸውን መልሶች ለሚያበዛ ሰው ደግሞ «ያልተዘመረለት ጀግና» የሚል አለ። የወርቅ የታግ ባጅ ግን ጌጥ አይደለም። በአንድ ታግ 200 መልስ ጽፎ 1,000 ድምፅ የሰበሰበ ሰው፣ በዚያ ታግ ሥር የመጣን ጥያቄ «ይህ ከዚህ በፊት ተጠይቋል» ብሎ ብቻውን መዝጋት ይችላል።

ይህ ወደ አራተኛው ጉዳይ፣ ወደ ጽዳቱ ያደርሳል። ተጠቃሚን እንደ መዘጋት የሚያስከፋው ነገር የለም። «ድግግሞሽ» ተብሎ የተዘጋ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ መንገድ ጠቋሚ ሆኖ ይቀመጣል። አንዱ ችግር በአሥር ዓይነት አነጋገር ስለሚጠየቅ፣ አሥሩም አነጋገሮች ፈላጊውን ወደ አንዱ ዋና መልስ ይመሩታል። የሚጠፉት ሌሎች ናቸው። ተቃውሞ ያመዘነበትና መልስ ያላገኘ ጥያቄ ከሠላሳ ቀን በኋላ ማንም ሳያዝዝ በማሽን ይሰረዛል። ስለዚህ «ጥያቄዬን ሰረዙብኝ» የሚለው ክስ ሁልጊዜ ሰው ላይ መውደቅ የለበትም።

ጽሑፎችን የሚገመግሙት አባላትም ራሳቸው ይፈተናሉ። ከሚቀርቡላቸው ጽሑፎች መካከል ድረ ገጹ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቃቸውን ይሰውራል፤ ሳያነብ «ጥሩ ነው» እያለ የሚያልፍ ገምጋሚ እዚያ ላይ ይያዝና ለጊዜው ከሥራው ይታገዳል። ታኅሣሥ 2022 ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ መልስ መለጠፍ ተከለከለ። ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ አዲስ የሚቀርቡት ጥያቄዎች በእጅጉ ቀንሰዋል፤ ያለው ክምችት ግን በቦታው ነው፤ ያም ጓዳውን ከቀድሞው ይበልጥ ተፈላጊ ያደርገዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ክምችቱ የማን ነው የሚለው ነው። በድረ ገጹ ላይ የተጻፈ ሁሉ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተለቀቀ ነው። ማንም መገልበጥ፣ መለወጥ፣ መሸጥም ይችላል፤ ግዴታው የጸሐፊውን ስምና ምንጩን መጥቀስ፣ የለወጠውንም በዚያው ፈቃድ መልቀቅ ነው። ከእያንዳንዱ መልስ ሥር ያለው የማጋሪያ ቁልፍ የሚሰጠው አጭር ሊንክ ለዚህ ይበቃል፤ በተወሰደው ኮድ ራስጌ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይገባል። በየመሥሪያ ቤቱና በየመመረቂያ ጽሑፉ ይህች መስመር የምትዘለለው ካለማወቅ ነው።

ክምችቱን መቁጠር የሚፈልግም ተዘጋጅቶለታል። ዳታ ኤክስፕሎረር የሚባለው ገጽ የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ የሆነውን ኤስኪውኤል ለሚያውቅ ሁሉ ክፍት ነው፤ በየሳምንቱ የሚታደስ የሙሉ ድረ ገጹ ዳታቤዝ ቀርቦለት የፈለገውን ይጠይቃል። የትኛው ቋንቋ በየትኛው ዓመት ብዙ እንደተጠየቀ፣ ጥያቄ በስንት ደቂቃ መልስ እንደሚያገኝ እዚያ ይወጣል። ለዳታቤዝ ተማሪ ከሐሰተኛ የሱቅና የደንበኛ ሠንጠረዥ ይልቅ ይህ የሚሻል መለማመጃ ነው።

ዋናው ድረ ገጽ የሚሠራው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። የራሳቸው ስታክ ኦቨርፍሎው ያላቸው ሌሎች ቋንቋዎች ፖርቱጋልኛ፣ ሩሲያኛ፣ ጃፓንኛና ስፓኒሽ ናቸው፤ አማርኛ የለበትም። ፈቃዱ ግን መተርጎምን አይከለክልም፤ ምንጩን ጠቅሶ አንድን መልስ በአማርኛ አስፍቶ መጻፍ ከማንም ማስፈቀድ አይጠይቅም።

ክምችቱ ያለ ኢንተርኔትም ይነበባል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ቀናት ኮድ ይጽፍ የነበረ ሰው የስታክ ኦቨርፍሎውን ዋጋ በመቅረቱ አውቆታል። ኪዊክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የተሠራ ሲሆን ስታክ ኦቨርፍሎውንም በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያቀርባል። ፋይሉ በአሥርታት ጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ በስልክ ዳታ የሚወርድ አይደለም፤ ፈጣን መስመር ያለው አንድ ሰው አንድ ጊዜ ካወረደው ግን በሃርድ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። መጠየቅም ድምፅ መስጠትም አይቻልበትም፤ የያዘውም እስከ ተጠቀለለበት ቀን ያለውን ብቻ ነው። ኪዊክስ ፋይሉን ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያድልበት መንገድም ስላለው፣ በላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ቅጂ በውስጥ መስመር የተያያዙትን ኮምፒውተሮች በሙሉ ያስነብባል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም።